አዲስ ቻይና ወይስ የታደሰ ጀርመን? የሲቲ ስካን ዋጋ ከፕሮፎርማው በኋላ

አንድ የግል ሆስፒታል ሲቲ ስካን ሊገዛ አስቦ ሁለት ፕሮፎርማ ሰበሰበ እንበል። አንደኛው ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ባለ 64 ስላይስ ማሽን ነው፤ ዋጋው 400,000 ዶላር። ሁለተኛው ያው ባለ 64 ስላይስ ሆኖ ጀርመን አገር ሰባት ዓመት ሠርቶ የታደሰ ነው፤ ዋጋው 170,000 ዶላር። ቦርዱ ሲሰበሰብ የሚያየው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። የ230,000 ዶላር ልዩነት ከተነበበ በኋላ የባዮሜዲካል ኢንጂነሩ የሚያቀርበው ማብራሪያ ብዙ ሰሚ አያገኝም። ውሳኔው እዚያው ያልቃል፤ ወጪው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ይህ ምርጫ ለኢትዮጵያ ጤና ተቋማት አዲስ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ግን ሁለት ነገሮች ሚዛኑን ነክተውታል። አንደኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ መልቀቁ ነው። ሁለተኛው የቻይና አምራቾች ማሽናቸውን በአዲስነት፣ ነገር ግን በታደሰ የአውሮፓ ማሽን ዋጋ አካባቢ ይዘው መምጣታቸው ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ሂሳብ ዛሬ አይሠራም። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ የታደሰ ማሽን አብዛኛውን ወጪ አያስቀርልንም፤ የመክፈያውን ቀን ነው የሚያራዝምልን። የተራዘመው ወጪ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው።

ከቲዩቡ እንጀምር። ሲቲ ስካን ውስጥ ገንዘብ የሚበላው ዕቃ እሱ ነው። አየር በሌለበት ጎጆው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከአንድ ጫፍ ተስፈንጥረው በፍጥነት በሚሽከረከር የብረት ሳህን ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ ጉልበት ራጅ የሚሆነው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ሳህኑ በሙቀት ይሰነጣጠቃል፣ ኩሽኔታው ይላላል፣ የቲዩቡ ባዶነት ይበላሻል። እንደ ዓይነቱ ከ50 ሺህ እስከ 150 ሺህ ዶላር የሚጠየቅበት ይህ ዕቃ እንደ ጎማ አላቂ ነው፤ የሚያልቀውም በዓመት ሳይሆን በተነሳበት ምስል ብዛት ነው። የራጅ ባለሙያው ጠዋት የመጀመሪያውን ታካሚ ከማስገባቱ በፊት ቲዩቡን ቀስ በቀስ ማሞቅ አለበት። ኮሪደሩ በወረፋ ሲሞላ ይህቺ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ትዘለላለች፤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ድንገት የሚወርድ ሙቀት ከዕድሜው ይቀንሳል። ፕሮፎርማ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም።

አሁን ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን እናስላቸው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ተክቶ ሊያሰላ ይችላል። ለንጽጽር እንዲመች ሁሉንም በዶላር እንያዘው።

አዲሱ 400,000 ተገዛ። የመጀመሪያው ዓመት በዋስትና ያልፋል። ከዚያ ቲዩብንም ያካተተ ሙሉ የሰርቪስ ኮንትራት በዓመት 45,000 ዶላር ቢሆን፣ ለዘጠኝ ዓመት 405,000 ይሆናል። በገበያው ልማድ ዓመታዊ ኮንትራት ከግዢው ዋጋ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት በመቶ ስለሚደርስ የተጋነነ አይደለም። በአሥር ዓመት የወጣው 805,000 ነው፤ ለአንድ ዓመት 80,500 ይደርሰዋል።

የታደሰው 170,000 ተገዛ። ሰባት ዓመት የሠራ ስለሆነ አምራቹ መለዋወጫ የሚያቀርብለት ዘመን ቢበዛ ስድስት ዓመት ቀርቶታል እንበል። ከዋስትናው ዓመት በኋላ ቲዩብን የማያካትት ኮንትራት በ25,000 ዶላር ለአምስት ዓመት 125,000፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ቲዩብ እያንዳንዱ በ80,000 ዶላር 160,000። ድምሩ 455,000 ነው፤ ለስድስት ሲካፈል በዓመት ወደ 75,800 ይጠጋል። ቦርዱን ቀና ያደረገው የ230,000 ዶላር ልዩነት በዓመት 4,700 ዶላር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ አዲሱን ግዙ ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። ግን ገንዘብ ራሱ ዋጋ አለው። ግዢው በባንክ ብድር ከሆነና ወለዱ 15 በመቶ ከሆነ፣ ዕዳው እየተከፈለ የሚሄድ ስለሆነ በአማካይ ግማሹን ብንይዝ፣ አዲሱ በዓመት 30,000፣ የታደሰው 12,750 ዶላር ወለድ ይጎትታሉ። አሁን አዲሱ 110,500፣ የታደሰው 88,550 ሆነ። ለታደሰ ማሽን የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው። የአዲሱ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የቆመ ማሽን ሂሳብ አለ። የሰርቪስ ውል ላይ «95 በመቶ በሥራ ላይ ይውላል» የሚል ዋስትና ሲነበብ ያማረ ይመስላል፤ በቀን ሲመነዘር ግን በዓመት ከ18 ቀን በላይ መቆም ይፈቀድለታል ማለት ነው። በ300 የሥራ ቀን አዲሱ 6 ቀን፣ የታደሰው 24 ቀን ቢቆሙ ልዩነቱ 18 ቀን ነው። ማሽኑ በቀን 20 ሰው የሚያስተናግድና ከእያንዳንዱ 30 ዶላር የሚተርፍ ከሆነ፣ በዓመት 10,800 ዶላር ይታጣል። እዚህም ላይ ቢሆን የታደሰው አሁንም ይመራል።

የሚያዞረው ቀጣዩ ነው። ቲዩቡ ሲቃጠል ምትኩ እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል? ኮንትራት ውስጥ ያልገባ ቲዩብ ገንዘቡ መፈለግ አለበት፣ ባንክ ኤልሲ መክፈት አለበት፣ ዕቃው መታዘዝ፣ በአውሮፕላን መጓዝ፣ ከጉምሩክ መውጣት አለበት። ሦስት ወር ወይም 75 የሥራ ቀን ቢወስድ አንዱ ቲዩብ ብቻ 45,000 ዶላር ገቢ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱ 90,000። ለስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 15,000 ይጨመራል፤ የታደሰው 114,350 ደርሶ አዲሱን ያልፋል። ያው ቲዩብ በሁለት ሳምንት ቢደርስ ግን ተጨማሪው ኪሳራ በዓመት 2,400 ብቻ ስለሚሆን የታደሰው ወደ 101,750 ወርዶ በግልጽ ያሸንፋል። አሸናፊውን የሚወስነው ቲዩቡ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። ቲዩብ ቀድሞ ገዝቶ መጋዘን ማስቀመጥ የሚቀናው ሰው አይጠፋም፤ ግን ሳይሠራ የተቀመጠ ቲዩብ ባዶነቱ እየተበላሸ ይሄዳል፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከተረከቡት ቀን ነው። የሚያዋጣው ዕቃውን በእጅ ማኖር ሳይሆን በውል በተወሰነ ቀን የሚያደርስ አቅራቢ መያዝ ነው።

ታካሚ ሲያንስ ሥዕሉ ፈጽሞ ይለወጣል። በቀን ስድስት ሰው ብቻ የሚያይ የዞን ከተማ ማዕከልን እናስብ። በስድስት ዓመት አንድ ቲዩብ ይበቃዋል፤ ማሽኑ ቢቆምም የሚታጣው ገቢ ትንሽ ነው። በዚያው ስሌት የታደሰው በዓመት ወደ 80,700 ሲያስወጣ አዲሱ 110,500 ላይ ይቀራል። ለአንድ ታካሚ ሲመነዘር 45 እና 61 ዶላር ማለት ነው። ባለ 20 ታካሚው ሆስፒታል ግን በሁለቱም ማሽን ለአንድ ሰው 18 ወይም 19 ዶላር ነው የሚያወጣው። ታካሚ የሚያንሰው ገዢ ለአዲሱ ቀለል ያለ ኮንትራት ሊደራደር ይችላል፤ ያም ክፍተቱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም። ስለዚህ «አዲስ ይሻላል ወይስ የታደሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ ይንገረን። እኔን የሚገርመኝ በተግባር የሚታየው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው መሆኑ ነው፤ ወረፋው ማለቂያ የሌለው ማዕከል የታደሰ ያስገባና ቲዩብ ሲጠብቅ ይከርማል፣ ታካሚ የሚናፍቀው አዲስ ገዝቶ በወለድ ይታመሳል።

ወደ ብሩ እንመለስ። የምንዛሪ ተመኑ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላውም ከ130 በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የታደሰ ሲቲ ስካን ገዝቶ «ቲዩቡን ከሁለት ዓመት በኋላ እናስብበታለን» ያለ ባለሀብት 80,000 ዶላሩን ሲያስብ የነበረው በ4.3 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ቀኑ ሲደርስ 10.4 ሚሊዮን ብር ሆኖ ጠበቀው። የታካሚው ክፍያ በዚያው ልክ አልጨመረም፤ ሊጨምርም አይችልም። በአንጻሩ በዚያው ዓመት በብር ተበድሮ አዲስ የገዛው ሰው ትልቁን ወጪውን በቀድሞው ተመን ጨርሷል፤ ዕዳው በብር ስለሆነ አላበጠበትም። ዓመታዊ ኮንትራቱ በዶላር ከሆነ እሱም መቃጠሉ አይቀርም፤ የአምስት ዓመት ኮንትራት ከግዢው ጋር አብሮ ከፍሎ ከሆነ ግን እፎይ ብሏል። የታደሰ ማሽን መግዛት ሳናውቀው በብር የወደፊት ዋጋ ላይ መወራረድም ነው። ብር የሚረጋ ከሆነ ውርርዱ ያዋጣል። ያለፉት ዓመታት ታሪክ ግን ለተወራራጁ የሚያደላ አይደለም።

ኤምአርአይ ሌላ ዓለም ነው። በመርህ ደረጃ ለታደሰ ግዢ ከሲቲ ስካን የተሻለ የሚመች ማሽን ነው፤ ዋናው አካሉ የሆነው ማግኔት እንደ ቲዩብ አላቂ አይደለም፣ በአግባቡ ከተያዘ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። የሚያረጀው ኤሌክትሮኒክሱ፣ ኮይሎቹና ሶፍትዌሩ ነው፤ እነሱ ደግሞ ይተካሉ። ግን ማግኔቱ የሚኖረው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ ነው። የተለመዱት ማሽኖች ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር ይይዛሉ። ሂሊየሙ እንዳይተን ቀን ከሌሊት የሚያቀዘቅዘው ኮልድ ሄድ የሚባል ዕቃ አለ፤ እሱም በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፣ ከጀርባው ኮምፕረሰርና ቺለር አለው፣ ለሁሉም መብራት ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ነው። የታደሰ ማግኔት ሂሊየም እንደያዘ ሲጫን ማቀዝቀዣው ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ በሳምንታት የተቆጠረ ነው። መርከቡ ዘግይቶ፣ ጅቡቲ ላይ ወረፋ ገጥሞት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አንድ ሰነድ ጎድሎ ቢከርም ማግኔቱ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሂሊየሙን እየተነፈሰ ይጠብቃል። ባዶውን ከደረሰ እንደገና ማቀዝቀዝና መሙላት ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ሂሊየም የማታመርት አገር ስለሆነች ጋዙ ራሱ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል። ከተተከለ በኋላም ሌሊት መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ቀዶ ሕክምናውንና ጽኑ ሕሙማኑን ይይዛል። የኤምአርአዩን ቺለር ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ማገናኘት የተረሳበት ሕንፃ ከሆነ፣ ጠዋት የሚመጣው ባለሙያ የሂሊየሙን መጠን ሲያይ ትናንት ከነበረው ወርዶ ያገኘዋል። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ሌሊት አለ? የወጪ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ከመብራት ኃይል የመቆራረጥ ልማድ ጋር አብሮ ካላሰላው ሰንጠረዡ ጌጥ ነው።

አዲስ ቴክኖሎጂ ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ብሉሲል የተባለ ማግኔት ተዘግቶ የታሸገ ሰባት ሊትር ሂሊየም ብቻ ነው የሚይዘው። የሲመንስ ማግኔቶም ፍሪ.ማክስ ደግሞ ከአንድ ሊትር በታች ይበቃዋል፤ ጉልበቱ 0.55 ቴስላ ስለሆነ ለሁሉም ምርመራ አይሆንም፣ ለአብዛኛው የአንጎልና የአከርካሪ ሥራ ግን ይበቃል። ለአሜሪካ ሆስፒታል ይህ ምቾት ነው። ሂሊየም ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣና መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ግን የአዲሱን ዋጋ ከታደሰው ጋር ስናስተያይ አንድ ሙሉ የወጪ ረድፍ ከሰንጠረዡ ይጠፋል ማለት ነው። ኤምአርአይ ላይ አዲስ መግዛትን ከሚደግፉ ምክንያቶች ሁሉ ለእኔ የሚከብደኝ ይህኛው ነው።

«የታደሰ» ስንል ምን እያልን እንደሆነም መጥራት አለበት፤ ገበያው ውስጥ በዚህ ቃል ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አምራቹ ራሱ ፈትቶ፣ ያረጀውን ተክቶ፣ ሶፍትዌሩን አድሶ በራሱ ዋስትና የሚሸጠው አለ። የጂኢ ጎልድ ሲል፣ የሲመንስ ኢኮላይን፣ የፊሊፕስ ዳይመንድ ሴሌክት ይባል የነበረው በዚህ ይመደባሉ። ራሱን የቻለ ሦስተኛ ወገን ኩባንያ የሚያድሰው አለ፤ ከእነሱ መካከል እጅግ ጎበዞች አሉ፣ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በሦስተኛ ወገን የሚሰጥ ጥገና ሰፊ የጤና አደጋ ስለመፍጠሩ የሚያሳይ በቂ መረጃ አላገኘሁም ብሏል። ሦስተኛው ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ የሚላከው ነው። ለምስል መሣሪያዎች እድሳት የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኢሲ 63077 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቋል። ሻጩን በዚህ ደረጃ ነው የታደሰው ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። መልሱ ብዙ ይናገራል።

ከወረቀቱ ይልቅ ማሽኑ ራሱ ይመሰክራል፤ ምልክቶቹ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ናቸው። ከጋንትሪው (ታካሚው ከሚገባበት ቀለበት) ጀርባ የምርት ዓመት የተጻፈበት ታርጋ አለ፤ ተፍቆ ወይም በአዲስ ተለጣፊ ተሸፍኖ ከሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ። ቲዩቡ የራሱ መለያ ቁጥርና የምርት ቀን አለው፤ ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው ወይስ የተተካ? ኮንሶሉ ላይ የቲዩቡን የሥራ ቆጣሪና የስህተት መዝገቡን ማየት ይቻላል፤ ከጭነት በፊት በነበረው ሳምንት መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ የተሰረዘበት ምክንያት አለ። ከሁሉ የሚገርመው ኬብሉ ነው። ማሽኑ ከነበረበት ሆስፒታል በባለሙያ ከተነቀለ የኬብሎቹ ጫፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት መለያ ታስሮ፣ ሶኬቶቹ ተጠቅልለው ይመጣሉ። በችኮላ የሕንፃ አፍራሽ ካወጣው ግን በመቀስ የተቆረጠ ኬብል በሳጥኑ ጥግ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንድ የጠፋ ኬብል 170,000 ዶላር የወጣበትን ማሽን ለወራት ሳይተከል ያስቀምጠዋል። የሰርቪስ የይለፍ ቃሉና የፈቃድ ቁልፉም አብሮ መምጣት አለበት፤ ያለ እነሱ ኢንጂነሩ ማሽኑን ከውጭ ይጠርገዋል እንጂ ውስጡን አያየውም። ለነገሩ የይለፍ ቃል ጉዳይ አሜሪካም ውስጥ ክርክር አስነስቶ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕክምና መሣሪያ ጥገና የሶፍትዌር ቁልፍን ማለፍ ከቅጂ መብት ተጠያቂነት ነፃ አድርጓል።

አሜሪካ ከተነሳ፣ የታደሱ ሲቲ ስካኖች ከየት እንደሚመጡ ማወቅም ዋጋውን ለመረዳት ይጠቅማል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኤክስአር-29 የተባለውን የጨረር ደኅንነት ደረጃ በማያሟላ ሲቲ ስካን ለሚሠራ ምርመራ የሚከፍለውን በ5 በመቶ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በ15 በመቶ ቀነሰ። ደረጃው የሚጠይቀው ለልጅና ለአዋቂ የተለየ አሠራር፣ ጨረሩን በራሱ የሚመጥን ሥርዓት፣ መጠኑ ከገደብ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅና የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው። ሆስፒታሎቹ ያላሟሉ ማሽኖቻቸውን አሻሻሉ ወይም አስወገዱ። የተወገደው የት ሄደ? ሁለተኛ እጅ ገበያ ውስጥ ከሚገኙ በጣም ርካሽ ማሽኖች መካከል እዚያ የተጣሉበት ምክንያት ይኸው የሆነ አሉ። ልዩነቱን የሚከፍለው ሆስፒታሉ አይደለም፤ ጭንቅላቱን ወድቆ የተመታው ሕፃን በጨረር ይከፍለዋል። ይህ ወጪ በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ አይገባም፤ በእኔ ሚዛን ግን ደረጃውን የማያሟላ ማሽን በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው። ወገንን ለመርዳት ከሚሠሩበት ሆስፒታል የተነቀለ ማሽን ለመላክ የሚጥሩ የዳያስፖራ ሐኪሞቻችንም ኮንቴይነሩን ከመሙላታቸው በፊት ይህቺን ጥያቄ ቢያነሱ መልካም ነው።

የከፍታ ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ፋኖችና ቺለሮች የማቀዝቀዝ አቅማቸው ይወርዳል፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መከላከያም ይደክማል። የብዙ ማሽኖች መመሪያ የከፍታ ጣሪያ ያስቀምጣል። አዲስ የሚገዛ ሰው ከፍታውን ለፋብሪካው ነግሮ በልኩ ማዘዝ ይችላል። ሃምቡርግ ውስጥ በባሕር ወለል ከፍታ አካባቢ ሰባት ዓመት የሠራው ማሽን ግን የታዘዘው ለሃምቡርግ ነበር።

ታዲያ አዲስ ቻይናስ? ዩናይትድ ኢሜጂንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ሻንጋይ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ሆኖ ሳለ ዛሬ ከሦስቱ ትላልቆች፣ ከጂኢ፣ ከሲመንስና ከፊሊፕስ ጋር ይወዳደራል፤ ኒውሶፍትም በርካሽ ሲቲ ስካን ይታወቃል። ቻይና ራሷ ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ በሕግ መከልከሏ ለአምራቾቿ ትልቅ የአገር ውስጥ ገበያ ጠብቆላቸዋል። ውጤቱ ለእኛ ሲደርስ፣ በታደሰ ጀርመን ዋጋ ላይ ጥቂት የተጨመረበት፣ ያልተነካ ቲዩብና ሙሉ የድጋፍ ዘመን ያለው ማሽን ሆኗል። ከላይ የሠራነውን ስሌት የሚያፈርሰው ይህ ሦስተኛ ፕሮፎርማ ነው፤ 170,000 ለስድስት ዓመት ከመክፈል 220,000 ለአሥር ዓመት መክፈል የሚሻል ይመስላል። የሚያሳስበኝ ቁም ነገር አንድ ነው። የታደሰ ጀርመን ሲበላሽ የሚያውቀው ኢንጂነር አዲስ አበባ ውስጥ አለ፣ ናይሮቢ ውስጥ አለ፣ ዱባይ ውስጥ መለዋወጫው በሁለተኛ እጅም ይገኛል። የቻይናው ማሽን መለዋወጫ ከአንድ ምንጭ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ወኪሉ ውክልናውን የተወ ቀን ገዢው ከፋብሪካው ጋር ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ዋጋውን ሳይሆን የወኪሉን ኢንጂነሮች ብዛትና ከዚህ በፊት የተከላቸውን ማሽኖች ሄዶ ማየት ይቀድማል።

አዲስ መግዛት በራሱ መድን አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለ47ቱ ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆስፒታል አዳዲስ መሣሪያ በሰባት ዓመት የኪራይ ውል አስገብታ ነበር፤ የራጅ ክፍሉን የያዘው ጂኢ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥገናውም ሥልጠናውም በውሉ ውስጥ ነበር። ግን መሣሪያው ከመብራቱና ከባለሙያው ቀድሞ የደረሰባቸው ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ካውንቲ የሚቆረጠው ዓመታዊ ክፍያም ከ95 ሚሊዮን ወደ 200 ሚሊዮን ሽልንግ አደገ፤ ጉዳዩ በሴኔቱ ተመርምሮ ክፉኛ ተተቸ። ምስሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት የሌለበት ቦታ የገባ አዲስ ሲቲ ስካን ከታደሰው የሚለየው በወለዱ መጠን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ታይተው ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ተገኝተዋል፤ ምክንያት ሆነው የተጠቀሱት ሥልጠና፣ የአስተዳደር ጉድለትና መሠረተ ልማት ናቸው።

ለቀላል መሣሪያዎች ይህን ሁሉ ክርክር ማንሳት አያስፈልግም። ተራ የራጅ ማሽን ጀነሬተሩ ጤነኛ ከሆነ ያገለገለውን ገዝቶ አዲስ ዲጂታል ዲቴክተር መግጠም ብልህነት ነው። አልትራሳውንድ ሲሆን ደግሞ ሳጥኑን ትቶ ፕሮቡን መመርመር ይበቃል፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ኮንሶሉ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ማንኛውም ማሽን ግን ከኔትዎርክ ጋር ከተገናኘ አደጋ ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል፣ በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት ሲመታ ከአንድ ሺህ በላይ የምርመራ መሣሪያዎችን አግቷል።

ለሲቲ ስካንና ለኤምአርአይ የሚያስፈልገው የጨረታ ሰነዱን መለወጥ ነው። ፖስታ ሲከፈት የሚነበበው የግዢ ዋጋ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ወጪውን በደንብ ወደ ነገ የገፋው ነው። በምትኩ ተጫራቹ አራት ነገር በጽሑፍ እንዲያስገባ ይጠየቅ፦ የማሽኑን የምርት ዓመትና አምራቹ ድጋፍ የሚያቆምበትን ቀን፣ የቲዩቡን ወይም የኮልድ ሄዱን ዋጋ ለአምስት ዓመት፣ ምትክ ዕቃ የሚያደርስበትን የቀን ብዛት፣ ቀኑ ካለፈ ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፍለውን ቅጣት። ከዚያ የስድስቱ ወይም የአሥሩ ዓመት ድምር ተሠርቶ፣ በዓመት ተካፍሎ፣ ያ ቁጥር ይነበብ። የታደሰ የሚሸጥ ጥሩ ነጋዴ ይህን ለመሙላት አይቸገርም፤ እንዲያውም ቀለም ከቀባው ተፎካካሪው የሚለየው በዚህ ነው። ስለ ቀን ቅጣቱ የተጻፈው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን የሚያስቀምጥ ተጫራች፣ አዲስም ይሽጥ የታደሰ፣ ቲዩቡ መቼ እንደሚደርስ ራሱም አያውቅም።